ለድንጋይ የተነፈገ ውሃ

ሜርል ሃድሬል ሦስተኛውን የትራስ ልብስ አስጥታ፣ ትንፋሿ እስኪመለስ የማስጫውን ምሰሶ ተደግፋ ቆማ ነበር። በዚህ መሐል የእሳት ማጥፊያ ውሃ የጫነ ፒክአፕ በፍጥነት ግቢው ውስጥ ገባ። ሾፌሯ ሞተሩን እንኳ ሳታጠፋ ዘላ ወረደችና ከኋላ የተጠቀለለውን የውሃ ጎማ መፍታት ያዘች።

«እትዬ ሜርል፣ ከዚያ ይራቁ። መጋዘናችሁ እየነደደ ነው።»

ሜርል ዞራ አየች። ከመጋዘኑ በር ግራጫ ደመና እየተንቦለቦለ ወጥቶ በቤቱ ጣሪያ ላይ ያልፋል። በየቀኑ የምታየው ነገር ስለሆነ አልደነገጠችም።

«እሳት አይደለም ልጄ» አለች። «ክላይቭ ነው።»

ልጅቷ ጎማውን እንደያዘች ቀረች። ከአጥሩ ማዶ ያሉት የሎክስሊዎች ልጅ ቲገን ነበረች። ተምራ ሥራ ከያዘች ወዲህ እምብዛም አትታይም፤ ለዕረፍት አባቷ ዘንድ መምጣቷን ሜርል የሰማችው በዚያው ሳምንት ነው። ዝናብ ከራቀ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። በዚህ ጊዜ ጭስ አይቶ መንገዱን የሚቀጥል ሰው በዚያ አገር ስለሌለ፣ ልጅቷ ያደረገችው ማንም ጎረቤት የሚያደርገውን ነበር።

የመጋዘኑ ጩኸት ቆመና ክላይቭ ብቅ አለ። ከባርኔጣው እስከ ጫማው ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። አፍንጫውና አፉ ላይ ያሰረው መሐረብም ከፊቱ አይለይም። ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት ያየው ከጎማው አፍ ጠብ ጠብ የሚለውን ውሃ ነው።

«ዝጊው እንጂ ልጄ፣ እየፈሰሰ ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሽ ክላይቭ። ጭስ መስሎኝ ደንግጬ ነው።»

«ጭስስ ቢሆን? በዚህ ሁሉ ውሃ ያንን አሮጌ መጋዘን ልታጠፊ? ይንደድ ተዪው። ውሃውን በጎቼ ይጠጡት።»

ይህን ያለው እየሳቀ ነው፤ ቢሆንም የምሩን እንደሆነ ሜርል ታውቃለች። አርባ አራት ዓመት አብራው ስትኖር፣ ባሏ የምር ሲቆጣ ያየችው ሁልጊዜ በውሃ ምክንያት ነው። አንድ ጊዜ ሰላጣ ያጠበችበትን ውሃ ለቲማቲሙ ማጠጣት ረስታ ስትደፋ አይቷት ሁለት ቀን አኩርፏታል።

«ከመጣሽ አይቀር ነይ» አለ ክላይቭ፣ መሐረቡን ወደ አንገቱ አውርዶ። «አባትሽ ያልነገረሽን ነገር ላሳይሽ።»

ያሳያት ድንጋይ ነበር። ከቤቱ ጀርባ ያለው ጉብታ ከድሮ ጀምሮ ጥቁር ድንጋይ አይጠፋበትም። የክላይቭ አያት የዶሮ ቤት ሠሩበት፤ አባቱ የመንገዱን ጉድጓድ ሞሉበት፤ ክላይቭ ራሱ የውሃ ታንከሩን ክዳን ነፋስ እንዳይወስደው ይጭነው ነበር። ሸካራና ከባድ ነው፣ ለውበቱ ብሎ የሚያነሳው ሰው አልነበረም። ድርቁ በገባ በሁለተኛው ዓመት ክላይቭ የአጥር እንጨት ለመትከል በዲጂኖ ሲቆፍር አንዱን ለሁለት ሰነጠቀው። ውስጡ ሮዝ ሆኖ አገኘው፤ በሮዙ ላይ ጥቁር ክሮች ተሰበጣጥረውበት፣ እዚህም እዚያም ነጭ መስመር ጣል ጣል ብሎበት። ድንጋይ አዋቂዎች ሮዶናይት ይሉታል። ጥቁሩ ቅርፊት ዝናብና ዘመን ያለበሱት ነው። ሦስት ትውልድ ጌጥ በዶሮ ቤት ግድግዳ ደርድሮ ኖሯል።

ሜርል ያን ቀን አትረሳውም። ከዚያ በፊት ግድቡ ደርቆ፣ ከበጎቹ ግማሹ ተሸጦ፣ ክላይቭ በረንዳው ላይ ፊቱን ወደ ደረቀው ግድብ አዙሮ ከጠዋት እስከ ማታ ይቀመጥ ነበር። ሲጠሩት አይሰማም፣ ሲሰጡት አይበላም። ድንጋዩ በተሰነጠቀ ማግስት ግን ሳይቀሰቅሱት ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ይቆፍራል፣ ይቆርጣል፣ ያለሰልሳል። የቀለበት ፈርጥና የወረቀት መጫኛ እየሠራ ከተማ ላለው የድንጋይ ወዳጆች ማኅበር ያቀርባል። ሜርል ስለዚያ ደመና አንድም ቃል ያልተናገረችው ስለዚህ ነው።

መጋዘኑ ውስጥ ቲገን የተቆረጠውን ድንጋይ ወደ ብርሃን አዙራ አየችው።

«እንዴት ያምራል ጋሽ ክላይቭ። ይሄ ሁሉ ከዚህ ከጓሮ?»

«ከዚህ ከጓሮ። አባትሽ በየቀኑ በመኪና ይሄድበታል፣ የበራችሁ መንገድ የተሞላው በሱ ነው። ሂጂና የረገጥከው ጌጥ ነው በዪው።»

ቲገን ሳቀች። ቀጥላ ዙሪያዋን ስትመለከት ሳቋ ጠፋ። ወለሉ፣ መደርደሪያው፣ የመስኮቱ ደፍ፣ ሁሉም ጣት የሚያሰምጥ ግራጫ ዱቄት ለብሷል። ጠረጴዛው ላይ ድንጋይ የሚቆርጥበት፣ ክብ ምላጭ ያለው የእጅ ግራይንደር አለ። የውሃ ነገር ግን በዓይኗ ብትፈልግ አጣች።

«በደረቁ ነው የሚቆርጡት?»

«ታዲያ በምን?»

«በውሃ ነዋ። ምላጩ ላይ ውሃ እየፈሰሰ።»

ክላይቭ ከልቡ ሳቀና ደጅ ወደቆመችው ሚስቱ ዞረ። «ሜርል፣ ሰማሽ? በጎቹን ጨርሰን ድንጋይ ልናጠጣ ነው።»

ሜርል ሻይና ብስኩት በረንዳው ላይ አቀረበች። እነሱ ተቀመጡ፣ እሷ ወጥ ቤት ሆና በተከፈተው መስኮት ታዳምጣለች። ቲገን ንግግሯን በትሕትና ጀመረች፤ ወላጆቿ ያሳደጓት እንዲያ ነው።

«ጋሽ ክላይቭ፣ የምሠራውን ሥራ አባቴ ነግሮዎታል?»

«አቧራ ትመዝናለች ነው ያለኝ። ለዚህ ነው እንዴ ይሄን ሁሉ ዓመት የተማረችው ብዬ ስቄበታለሁ።»

«እውነቱን ነው፣ አቧራ ነው የምመዝነው። የወጥ ቤት ጠረጴዛ ድንጋይ የሚቆርጡ ሰዎች ዘንድ እየሄድኩ የሚተነፍሱትን እለካለሁ። አምና አንድ ሰው አገኘሁ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ግዙፍ ሰው፣ እግር ኳስ ይጫወት የነበረ። ሕፃን ልጁን ታቅፎ አንድ ፎቅ መውጣት አቅቶታል። እሱም በደረቁ ነበር የሚቆርጠው።»

«ያሳዝናል። ግን ያ የፋብሪካ ድንጋይ ነው፤ ምን ምን እንደሚቀላቅሉበት ማን ያውቃል። ይሄ የገዛ መሬቴ ነው። እላዩ ላይ ነው ዳዴ ያልኩት።»

«ሳንባ የመሬት ካርታ አይጠይቅም ጋሽ ክላይቭ።»

ክላይቭ ፈገግ አለ። ቲገን ግን አልቀለደችም። ከመጋዘኑ ይዛ የወጣችውን ቁራጭ ድንጋይ ሻዩ አጠገብ አስቀመጠችና በጥፍሯ አሳየችው።

«ይሄን ነጭ መስመር ያያሉ? ኳርትዝ ነው። ሲፈጭ ዓይን የማያየው ስለት ይሆናል። የመንገዱ ቀይ አቧራ ወፍራም ነው፣ አፍንጫ ይይዘዋል፣ አስነጥሰው ይገላገሉታል። ይሄኛው እስከ ሳንባ ግርጌ ይወርድና እዚያው ይቀራል። ሳንባ ሊከላከለው ሲል ዙሪያውን ጠባሳ ይሠራል፤ ጠባሳ ደግሞ አየር አያስገባም። ሮዙም ቢሆን ማንጋኒዝ የሚባል ማዕድን አለበት። ዱቄቱን ለዓመታት የተነፈሰ ሰው ነርቩ ሊነካ፣ እጁ ሊንቀጠቀጥ ይችላል።»

«መሐረብ አስራለሁ እኮ።»

«መሐረቡ ዝንብ ይከለክል ይሆናል።»

«እሺ፣ እኔን እይኝ» አለ ክላይቭ፣ ደረቱን ነፍቶ። «ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። ጉብታውን በአንድ ትንፋሽ እወጣለሁ። ስስል ሰምተሽኛል?»

በዚሁ ቅጽበት ሜርልን ወጥ ቤት ውስጥ ሳል ጀመራት። ልትይዘው ብትሞክርም አልተያዘላትም። ሳሉ ከሆዷ ተነስቶ እያጎበጣት፣ የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ እስክትጨብጥ ድረስ ቆየ።

«እሷስ?» አለች ቲገን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እሷን የሚያስላት የዋትል ዛፍ አበባ ነው። ዛፉ ባበበ ቁጥር ይነሳባታል።»

«ዋትሉ አበባውን ካረገፈ ሁለት ወር አልፎታል።»

«እንግዲያው ድርቁ ነው። አየሩ ሁሉ አቧራ አይደለም እንዴ?»

ሜርል የስኳሩን ዕቃ ይዛ ወጣች። ሁለቱም ቀና ብለው አዩዋት። ሰው አጠገባቸው እያለ እንደ ታመመ በግ ሲያወሩባት መቆየታቸው አበሳጭቷታል፤ ከሁለቱ የቱ ይበልጥ እንዳበሳጫት ግን ገና አልለየችም።

«እትዬ ሜርል፣ እርስዎ መጋዘኑ ውስጥ ይገባሉ?»

«ምን ልሠራ? ለምሳ ስጠራው እንኳ ከደጅ ነው።»

«አየሽ?» አለ ክላይቭ በድል አድራጊነት። «እኔ ውስጡ የምውለው ደህና፣ እሷ ደጅ ያለችው ታመመች። ይሄን ትምህርትሽ እንዴት ይፈታዋል?»

ቲገን የክላይቭን ቱታ ትኩር ብላ አየች። እጥፋቱ ውስጥ ዱቄቱ ተጋግሯል።

«ቱታዎ በየስንት ጊዜው ይታጠባል?»

«በየሁለት ሳምንቱ። አንድ ቱታ አንድ ሙሉ ገንዳ ውሃ ይበላል። በመሐሉ ይራገፋል።»

«ማን ነው የሚያራግፈው?»

ክላይቭ ወደ ሚስቱ ዞረ። በየቀኑ ሥራ ሲያልቅ ክላይቭ ቱታውን አውልቆ ይሰጣታል። እሷ ከጓሮ በር ወጥታ ምሰሶው ላይ ሰቅላ በመጥረጊያ እንጨት ትደበድበዋለች። ደመናው ይነሳል፣ ፊቷን ታዞራለች፣ መልሳ ትመታለች። ወፍራሙ ከረገፈ በኋላ ኮሌታውንና ኪሶቹን አፏ አጠገብ አድርጋ በብሩሽ ታጸዳለች። ይህን ሁለት ዓመት ሙሉ ሠርታዋለች፤ ዱቄቱን ወደ አፏ የምታቀርበው በገዛ እጇ እንደሆነ ግን አንድ ቀን አስባው አታውቅም።

«እኔ ነኝ» አለች።

ቲገን የሻይ ሲኒዋን አስቀመጠች። ፊቷ ቀልቶ ነበር። «ጋሽ ክላይቭ፣ ስለማከብርዎት ነው የምናገረው። እርስዎ መጋዘን ውስጥ በሩን ከፍተው፣ ነፋስ እየወሰደልዎት ነው የሚሠሩት። እሳቸው ከቱታው ላይ የተከማቸውን በየቀኑ አፍንጫቸው ሥር ነው የሚያስነሱት። ይሄ ፋብሪካ ቢሆን ኖሮ በሩን ባሸግነው ነበር።»

«ልታሽጊብኝ ነው የመጣሽው?» ክላይቭ አሁን አልሳቀም። «አምስት ዓመት ተምረሽ መጥተሽ፣ የቀረችኝን አንዲት ነገር ልትወስጂ?»

«ኧረ እኔ ምንም አላሽግም። ይቁረጡት። እንዲህ ያለ ድንጋይ የዶሮ ቤት ግድግዳ ሆኖ ከሚቀር መቆረጡ ደስ ይለኛል። በውሃ ይቁረጡት ነው የምለው።»

«ውሃ! የት ያለ ውሃ? ግድቡን አይተሽዋል? የጉድጓዱ ውሃ ጨው ሆኗል፣ በግ እንኳ ፊቱን ያዞርበታል። የቀረን ይሄ ታንከር ነው።» ከቤቱ ጥግ ወደቆመው ክብ የቆርቆሮ ታንከር ጠቆመ። «አባቴ በድርቅ ዘመን ይሄን ታንከር በየማለዳው በጣቱ እያንኳኳ፣ ውሃው የት እንደደረሰ በድምፁ ያዳምጥ ነበር። እኔም እስከ ዛሬ አንኳኩቼ ሳላዳምጥ ቁርስ አልቀምስም። የታንከር ውሃ ለአፍና ለድስት ብቻ ነው ብሎ አሳድጎናል። ወንድሜ አንድ ቀን ፊኛ ሞልቶበት ሲጫወት ቢያገኘው፣ በሳምንት የማይድን ግርፊያ ነው የገረፈው። አሁን እኔ በሰባ ሁለት ዓመቴ ለድንጋይ ላፍስሰው?»

«የሚፈሰውማ አይደለም። አንድ ባልዲ ነው። ባለ ውሃ መጋዝ የሚባል አለ፤ ውሃው ከምላጩ ሥር ካለው ሳህን ይነሳል፣ ተመልሶ እዚያው ይወድቃል። ዱቄቱ ጭቃ ሆኖ ይዘቅጣል፣ ከላይ የጠራው እንደገና ይሠራል። ሳምንት ይቆያል። ደግሞም የታንከሩ መሆን የለበትም፤ ገላ የታጠባችሁበት ይበቃል።»

«ያ ለቲማቲሙ ነው።»

«እንግዲያው ቲማቲሙ አንድ ባልዲ ይቅርበት።»

«አንድ ሲኒም አልሰጥም» አለ ክላይቭ። «ጨርሻለሁ።»

እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ። ይህ ሰው ክፉ አይደለም፤ ጎረቤቱ ቢቸገር ካለው በግ የወፈረውን ነድቶ የሚሄድ ነው። ነገር ግን ከአባቱ የወረሰውን ሕግ ለምን እንደወጣ አንድ ቀን ሳይጠይቅ ስለኖረ፣ ሰውን ለማዳን የተሠራው ሕግ ሰውን ሲጎዳ ማየት ተስኖታል። አባቱ ውሃ የቆጠቡት በቤታቸው ያሉት ሰዎች በሕይወት እንዲቆዩ ነበር። ልጁ ውሃውን አስቀርቶ ሰዎቹን ረሳ። እንዲህ ያለው ቁጠባ በየቤቱ ሞልቷል፤ ጨዋነት ተብሎ ሲመሰገን መስማት ደግሞ ያንገበግባል።

ሜርል ግን ስለ ሕጉ አላሰበችም። ክላይቭ ወደ ታንከሩ ሲጠቁም ጣቱን ተከትላ አይታ፣ ቀና ስትል ጣሪያውን፣ ከጣሪያው ጠርዝ አሸንዳውን አየች። ጠዋት ያ ደመና በዚያ ላይ ሲያልፍ ማየቷ ትዝ አላት። ስኳሩን አስቀምጣ፣ ምንም ሳትናገር ወደ ታንከሩ ሄደች።

አሸንዳው ታንከሩ ውስጥ በሚገባበት አፍ ላይ አሮጌ የሴት ስቶኪንግ ታስራለች፤ ቅጠልና ነፍሳት እንዳይገባ በዚያ አገር ሴቱ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ባለፈው ወር ሃያ ደቂቃ የማይሞላ ዝናብ ጥሎ ነበር። በማግስቱ ስቶኪንጉን ስትፈታው ከባድ ጭቃ ይዞ አገኘችው። ለማጠቢያው ውሃ ስለሳሳች አዲስ አስራ፣ አሮጌውን ከታንከሩ ሥር ባለው ባልዲ ውስጥ ጥላው ነበር። የጭቃው ቀለም ያኔም ገርሟታል። የዚያ አገር አቧራ ቀይ ነው፤ ይሄ ግራጫ ነበር። የቆርቆሮው ልጣጭ ይሆናል ብላ ተወችው።

አሁን ስቶኪንጉን ይዛ ተመለሰችና ሻዩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። የደረቀው ጭቃ እንደ ዳቦ ቅርፊት ተሰባብሮ ወደቀ። ከዚያ የባሏን ክንድ ያዘችና እጅጌውን ከጎኑ መታ መታ አደረገችው። ሁለቱ ዱቄቶች ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የሚለያቸው ነገር አልነበረም።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?» አለ ክላይቭ።

«ከታንከሩ አፍ። ስቶኪንጉ ይዞ ያስቀረው ነው። ያላስቀረው ውስጥ ገብቷል።»

ክላይቭ ከወንበሩ እንደ ወጣት ዘሎ ተነሳ። ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ። መሰላሉን ከመጋዘኑ ጎን አምጥቶ ጣሪያው ላይ አስደገፈ፣ ወጣ፣ አሸንዳው ውስጥ እጁን ሰደደ። ሲወርድ እፍኙ ሙሉ ግራጫ ነበር።

«ታንከሬ ውስጥ» አለ። «የአባቴ ታንከር ውስጥ። አንዲት ወፍ ወድቃ ብትሞት ሙሉውን ደፍቶ ያጥበው የነበረ ሰው… እኔ በገዛ እጄ…»

ቲገን አዘነችለት። «እውነቱን ልንገርዎት ጋሽ ክላይቭ፣ መጠጣቱ ጥሩ ባይሆንም የመተንፈሱን ያህል አይጎዳም። ታንከሩ ይታጠባል። የሚያስፈራኝ እሱ አይደለም።»

«ታንከሬ ውስጥ» አለ እንደገና። አልሰማትም።

ሜርል በማን እንደተናደደች በዚህ ጊዜ ለየች።

«ክላይቭ፣ ወንበርህን አንሳና ቁጭ በል» አለች።

እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግራው አታውቅም። ወንበሩን አነሳ፣ ተቀመጠ።

«ስንት ጊዜህ ነው ከዚያ ወንበር እንዲህ ስትነሳ? ለታንከሩ መሰላል ወጣህ። እኔ ከክረምት ጀምሮ ስስል አንድ ቀን ምን ሆንሽ ብለህ አልተነሳህም። የዋትል አበባ አልከኝ። ከወጥ ቤት እስከ ልብስ ማስጫው ሦስት ቦታ ቆሜ ነው የምደርሰው፤ በዶሮ ቤቱ ጥግ፣ በሎሚው ሥር፣ ከዚያ ምሰሶው ጋ። ታውቃለህ?»

«አላወቅኩም» አለ ክላይቭ።

«አታውቅም። በየማለዳው ታንከሩን አንኳኩተህ ምን ያህል እንደቀረው ታዳምጣለህ። እኔ ምን ያህል እንደቀረኝ አንድ ቀን አላዳመጥክም።»

ቲገን ዓይኗን ወደ ሻይዋ መለሰች። ክላይቭ እፍኙ ውስጥ ያለውን ዱቄት የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት እንደጨበጠው ነበር።

«እኔም ጥፋት አለብኝ» አለች ሜርል፣ አሁን ረጋ ብላ። «ዝም ያልኩት ይሄ ድንጋይ ከዚያ ወንበር ስላስነሳህ ነው። ተመልሰህ እንዳትቀመጥ ፈራሁ። አሁንም ድንጋዩን ተው አልልህም። ያንን ቱታ ግን ከዛሬ ጀምሮ እጄ አይነካውም።»

ክላይቭ በዝግታ ተነስቶ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ካለው ዱቄት ጎን አራገፈና ወደ ቲገን ዞረ።

«አንድ ባልዲ ነው ያልሽው?»

«አንድ ባልዲ ይበቃል። የገላ መታጠቢያው…»

«የዛሬው ከታንከሩ ይሁን» አለ። ሄዶ የታንከሩን ቧንቧ ከፈተ፣ ባልዲው እስኪሞላ ጎንበስ ብሎ ጠበቀ። ውሃው ሲወርድ እያየ አንድ ጊዜ እንኳ እጁን ወደ መዝጊያው አልሰደደም።

ቲገን ግራይንደሩን ውሃ እንዳያስነካው አስጠነቀቀችው፤ ለእርጥብ ሥራ ያልተሠራ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሳንባ እስኪታመም ሳይጠብቅ ወዲያው ይገድላል። በምትኩ አባቷ የመታጠቢያ ቤቱን ሴራሚክ የቆረጠበትን ባለ ውሃ ሳህን መጋዝ ይዛ መጣች። ሥራዋ ላይ ከምታደርገው ባለ ማጣሪያ ማስክ አንዱን ለክላይቭ ሰጠችው። ጢሙ አላስገጥም ስላለው ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ላጨው። ሜርል አገጩን ካየችው ሠላሳ ዓመት ሆኗት ነበር፤ ሳትፈልግ ሳቀች።

የመጀመሪያውን ድንጋይ ሲቆርጥ ከደጅ ቆማ አየች። ጩኸቱ ያው ነው፣ ደመናው ግን የለም። ከምላጩ ሥር ግራጫ ጭቃ ብቻ ይወርዳል። ከእርጥቡ ድንጋይ ላይ ሮዙ ገና ሳይለሰልስ ደምቆ ወጣ። በደረቁ ሲቆርጥ ከሦስት አንዱ በግለቱ ይሰነጠቅበት ነበር፤ ይሄኛው ሙሉ ቁራጭ ሆኖ ወጣ። ክላይቭ ማስኩን አውልቆ በመዳፉ ላይ አገላበጠው።

«ሁለት ዓመት ሙሉ የምቆርጠውን ሳላየው ነው የቆረጥኩት» አለ። «ነይ እዪው።»

«ከዚህ ይታየኛል» አለች ሜርል። አልገባችም። ሁሉም በአንድ ቀን አይረሳም።

በሚቀጥለው ሳምንት ክላይቭ ራሱ እየነዳ ከተማ ወስዶ የደረት ራጅ አስነሳት። ሐኪሙ ሳንባዋ ላይ ጠባሳ እንዳለ አልደበቀም። የገባው አይወጣም አለ፤ ካልተጨመረበት ግን ባለበት ሊቆይ ይችላል፣ በየጊዜው እየመጣሽ እናየዋለን አላት። ክላይቭ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። በመመለሻቸው መንገድ ላይ ግን አንድ ቃል አልወጣውም።

ከዚያ ወዲህ በሃድሬሎች ግቢ የተለወጠውን ማንም ሄዶ ማየት ይችላል። አሸንዳው ተጠርጓል፣ ታንከሩ ታጥቦ ጎረቤት ባመጣው ውሃ ተሞልቷል። መቁረጫው ከቤቱ ርቆ ነፋሱ ወደ ቤቱ በማይነፍስበት በኩል ተዛውሯል። ወለሉ በመጥረጊያ አይነካም፣ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። ጭቃው ሳይደርቅ በከረጢት ታስሮ ይጣላል። ክላይቭ ቱታውን መቁረጫው በር ላይ አውልቆ፣ ሳያራግፍ ገላ በታጠቡበት ውሃ ውስጥ ይነክረዋል፣ ራሱም ያጥበዋል። ቲማቲሙ አልሞተም። የልብስ ማስጫው ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ተተክሏል። የሜርል ሳል ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ሆኖም ማታ ማታ ያጎብጣት የነበረው ቀርቶላታል። ይህ ሁሉ ያስከፈለው በሳምንት አንድ ባልዲ ውሃ ነው። ለዚህች ባልዲ ሲባል ስንት ሰው ትንፋሹን እንደገበረ ሳስበው ንዴቴ ይመለስብኛል።

ከሦስት ወር በኋላ የድንጋይ ወዳጆች ማኅበር በከተማው አዳራሽ ተሰበሰበ። ክላይቭ ከሮዶናይቱ ትልቁን ቁራጭ ይዞ ሄደ። ሰዎች አደነቁት፣ እንዴት እንዲህ ሳይሰነጠቅ እንደወጣ ጠየቁት። ክላይቭ በሕይወቱ ንግግር አድርጎ አያውቅም፤ ቢሆንም ተነስቶ ስለ ውሃው፣ ስለ ማስኩ፣ ስለ ጭቃው ነገራቸው። ረስል የሚባል በግ አርቢ፣ እንደ እሱ ሽበት የወረሰው፣ ከኋላ ረድፍ ሳቀ።

«በዚህ ድርቅ? ለድንጋይ ውሃ? ክላይቭ፣ አንተ እንኳ ይሄን ትላለህ? እኔ አሥር ዓመት በደረቁ ቆርጫለሁ፣ ይኸው አላስልም።»

ሜርል ከፊት ረድፍ ተቀምጣ ነበር። ባሏ እንዳይቆጣ ሰጋች። ክላይቭ ግን አልተቆጣም። ድንጋዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ረስልን ትክ ብሎ አየው።

«እሱን አልጠየቅኩህም» አለ። «ቱታህን ማን ነው የሚያራግፍልህ?»

ረስል ቀስ ብሎ አንገቱን አዳራሹ ጥግ ወዳለው የሻይ ጠረጴዛ አዞረ። ለሰዉ ሻይ ስትቀዳ የነበረችው ሚስቱ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ መልሱን ትጠብቅ ነበር።